በገዛ እጅ

ከጅማ ፍርድ ቤት አጥር ጥግ፣ ከሰማያዊው ሸራ ሥር፣
ዐሥራ ዘጠኝ ክረምት ሙሉ የሰው ዕንባ በቁጥር፣
አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብዬ በየመስመሩ ሳሰፍር፤
ፍቺ ስጽፍ፣ ቀለብ ስጽፍ፣ ሞግዚትነትና ውርስ፣
ጠበቃ መያዝ ያቃተውን እስከ መዝገብ ቤት ሳደርስ፣
ለከሳሽ የቀዳው እስክሪብቶ ለተከሳሽም ሲፈስ።

አቶ ሻንካ ግን መጣና አላዘዘኝም እንደ ሰው።
ካፖርቱ የዘበኛ ነው፤ ቦሳ ኪቶ እንጨት ቤት ነው የሚያድረው።
ከኪሱ የደብተር ሉክ፣ አራት ቦታ የታጠፈ፣
አወጣና፣ "እኔው ልጽፍ ነው፤ ብቻ ዘመኑ አለፈ፤
ከመሠረተ ትምህርት ወዲያ ይህ እጅ ብዙም አልጻፈ።

"ኑዛዜ ነው" አለ ዝቅ ብሎ፣ ተራ ጠባቂ እንዳይሰማ፣
"ከታደሉ ጋር ሠላሳ አንድ ዓመት፤ ማኅተም የለን፣ ፊርማ።
ሰርጋችንን የሚያውቅ አዌቱ ወንዝ ነው፤ እሱ ደግሞ ለምስክር አይቆም፤
ነገ ዐይኔን ስከድን 'ማን ናት?' ቢሏት፣ 'ሚስቱ' የሚል አፍ አይገኝም።"

ሕጉን ነገርኩት፦ "ይኼ ወረቀት ከሌላው ሁሉ ይለያል፤
ከቀኑ ጀምሮ እስከ ፊርማው የእርስዎ እጅ ብቻ ያርፍበታል።
ኑዛዜ መሆኑን በግልጽ ይበሉ። እኔ ጽፌ እርስዎ ቢገለብጡ፣
የማያውቁትን ፊደል እንደ ሥዕል ቢያወጡ፣
ዋጋ የለውም።"
ሳቀ። "እንግዲያ ያንቺ እንጀራስ?" አለኝ።
ከጎኔ ያለው የኮምፒውተር ቤት፣ የማተሚያው ጩኸት መለሰልኝ።

ጻፈ።
እያንዳንዷን ፊደል ሚስማር እንደሚመታ ሰው ትንፋሹን እየያዘ፣
ምላሱን በጥርሱ ነክሶ፣ ግንባሩ ላብ እያረገዘ።
"ሁለት ክፍል ቤት። ጣሪያው በመንቲና በኩል ያፈሳል፤ ሁለት ቆርቆሮ ይቀየር።
አንድ መጋዝ። የዕድር ደብተር። ለባለሱቁ ለአወል ስልሳ ብር፤ ዕዳዬ አይደር።"
ይኼ ኑዛዜ ላይ አይገባም ልለው ነበር። አላልኩም። ሕጉ ይማር።

በመጨረሻ፦ "ቤቱን የምሰጠው ለታደለ ነው።"
ቀና አልኩ።
ታደለ ከተርጫ በየመስቀሉ የሚመጣው ታናሽ ወንድሙ ነው፤
ራሱ አጫውቶኛል፦ ግድግዳውን በዐይኑ እየለካ የሚያድረው።

አንዲት ቅጥያ። ከ"ለ" ጎን የምትወጣ፣ ከጤፍ ቅንጣት የማትበልጥ፣
ብትቀር ግን ታደሉን ከነሳፋዋ ደጅ የምታስቀምጥ።
እስክሪብቶዬ በእጄ ነው። አንዴ መጫር፣ ማን ያያል?
ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት የሰው ቃል ያቃና እጅ ዛሬ ለምን ይሰንፋል?
ከጭኔ ሥር ሸሸግኩት።
"ያንብቡት" አልኩ። "ለታደሉ" ብሎ አነበበ። "ይድገሙት።"
"ለታደሉ።"
"አባቴ፣ ልብዎ ያለውን ሳይሆን እጅዎ የጻፈውን።"

ጣቱን ከፊደሉ ሥር አስገባ፣ በጨለማ ደረጃ እንደሚወርድ።
ዝም አለ።
ከዚያ "ለ..." አለ። "ታደ... ለ። ወይ ጉድ!
በገዛ እጄ ላስወጣት ነበር።"

ያንኑ ሊያቃና ሲል ያዝኩት፤ ሥርዝ ድልዝ ነገ ክርክር ያስነሳል።
ሌላ ሉክ ሰጠሁት። እንደገና ከቀኑ ጀመረ። የሰኔ ዶፍ ሸራውን ሞልቶታል፤
በመጥረጊያ እንጨት ከሥር እየገፋሁ ሳፈስ፣ እሱ አይሰማም፣ ሚስማሩን ይመታል።

ሦስቴ አነበበው። "ሉ" ላይ ሲደርስ ድምፁን ከፍ አደረጋት፣
መንገደኛ ዞሮ እስኪያይ፣ የጠራት ያህል ከቤት።
በዳቦ ፌስታል ጠቀለለው፤ ከካፖርቱ ውስጥ፣ ከደረቱ አስገባ።
"ስንት ነው?"
"የሁለት ሉክ፣ ስድስት ብር።"
ሳንቲም በሳንቲም ቆጠረልኝ፣ ሳይከራከር።

ማታ ሸራዬን ሳጣጥፍ መዳፌን አየሁት በመብራት፤
አንዲት የቀለም ነጥብ የለበት።